ከሹም ችሮታ ወደ ሕግ ዋስትና፤ የቬትናም ነጋዴዎች ታሪክ ለእኛ የሚሰጠው ትምህርት

በዚህ ዘመን ስለ ንግድ መስፋፋት በሚነገርበት ስፍራ ሁሉ የቬትናም ስም ሳይነሣ አይቀርም። አንዳንዱ የሠራተኛዋን ደመወዝ ማነስ፣ ሌላው የወደቦቿን ብዛት፣ ሦስተኛው ደግሞ የውጭ ባለሀብቶችን መግባት የዕድገቷ ምክንያት አድርጎ ይቈጥራል። እነዚህ ሁሉ እውነትነት የሌላቸው አይደሉም። ነገር ግን ነጋዴ የሆነ ሰው አስቀድሞ ሊያነሣው የሚገባው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ይኸውም እስከ ዛሬ በአንድ የኮሚኒስት ፓርቲ ብቻ በምትመራ አገር፣ ነጋዴም እንደ ሕዝብ ጠላት ይታይ በነበረበት ምድር፣ የግል ንግድ በምን መንገድ ሥር ሊሰድ ቻለ? የሚለው ነው።

የዚህ ጽሑፍ አሳብ በአጭሩ ይህ ነው። የቬትናም ነጋዴ ያደገው መንግሥቱ ስለ ወደደው አይደለም፤ ወይም በየስብሰባው ስለ ተመሰገነ አይደለም። ያደገው በእጁ ይዞ «መብቴ ይህ ነው» ሊልበት የሚችል የተጻፈ ሕግ ቀስ በቀስ ስለ ተሰጠው ነው። ሕጉ ባልደረሰበት ስፍራ ሁሉ ግን እስከ ዛሬ ድረስ ትንሽ ሆኖ ቀርቷል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመቶች፣ የኢትዮጵያ መሆናቸው ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

እንደሚታወቀው ጦርነቱ በ1975 ተፈጽሞ ሰሜኑና ደቡቡ ከተዋሐዱ በኋላ፣ የሰሜኑ የኢኮኖሚ ሥርዓት በደቡቡም ላይ ተዘረጋ። በመጋቢት ወር 1978 በሆ ቺ ሚን ከተማና በሌሎቹ የደቡብ ከተሞች ከፍተኛው የግል ንግድ ተከልክሎ የነጋዴው ዕቃ ተቈጥሮ ተወሰደ። ሩዝ፣ ሥጋ፣ ጨርቅና ሳሙና በኩፖን ይታደል ጀመር። አንድ ዕቃ ሁለት ዋጋ ነበረው፤ አንዱ መንግሥት የቈረጠው፣ ሁለተኛው ሕዝቡ በስውር የሚገበያይበት። ከሁሉ ይልቅ ለነጋዴው የከበደው ግን በየመንገዱ የተተከለው ኬላ ነበር። ሩዝ ከሚተርፍበት ከሜኮንግ ወንዝ ሸለቆ ሩዝ ወደ ጐደለበት ከተማ ጥቂት ኪሎ ይዞ መሻገር እንደ ወንጀል ይቈጠር ነበር። ከዚህም የተነሣ በአንዱ ስፍራ እህል ሲበላሽ በሌላው ስፍራ ሕዝብ ይራብ ነበር።

ለውጡ የተጀመረው በአዋጅ ሳይሆን በችግር ነው። ቬትናማውያን ራሳቸው «አጥር መጣስ» ብለው በሰየሙት ዘመን፣ ከ1979 ገደማ ጀምሮ፣ አንዳንድ የክፍለ ሀገር ሹማምንት የማዕከሉን ትእዛዝ ወደ ጐን እያሉ ሩዝ ከገበሬው በገበያ ዋጋ ይገዙ ጀመር። የሎንግ አን ክፍለ ሀገር የኩፖኑን ዕደላ ትቶ በአንድ ዋጋ መሸጥን ሞከረ። ገበያው በዕቃ ሲሞላ የማዕከሉ ሰዎች ለማየት ተገደዱ። በ1981 ገበሬው በኮንትራት እንዲያርስና ከተወሰነው በላይ ያመረተውን ለራሱ እንዲያደርግ ተፈቀደ። ሆኖም የከተማው ነጋዴ ገና መብት አላገኘም ነበር።

በመስከረም 1985 መንግሥት ገንዘቡን ለውጦ ዋጋንና ደመወዝን ባንድ ጊዜ ለማስተካከል ሞከረ፤ ሙከራውም ከሸፈ። በ1986 የዕቃ ዋጋ በመቶ ከ700 በላይ ናረ። በዚሁ ዓመት ታኅሣሥ ወር ፓርቲው ባደረገው ስድስተኛ ጉባኤ «ዶይ ሞይ» የተባለው የተሐድሶ መመሪያ ተወሰነ፤ ንጉየን ቫን ሊንም የፓርቲው ዋና ጸሐፊ ሆኑ። እኒህ ሰው በ1987 በፓርቲው ጋዜጣ ላይ «ባስቸኳይ ሊሠሩ የሚገባቸው ነገሮች» በሚል ርእስ በስማቸው የመጀመሪያ ፊደሎች ብቻ እየፈረሙ የሹማምንትን በደል ይጽፉ እንደ ነበር ይታወቃል።

እዚህ ላይ የርምጃውን ቅደም ተከተል ልብ ማለት ያስፈልጋል። በ1987 በየመንገዱ የነበሩት የእህልና የዕቃ መቈጣጠሪያ ኬላዎች ተነሡ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ የውጭ ባለሀብት ሕግ ወጣ። በሚያዝያ 1988 መሬቱ ለገበሬው ቤተሰብ ለረዥም ዘመን እንዲሰጥ ተወሰነ። በ1989 አብዛኛው የዋጋ ተመን ተነሣ፤ የውጭ ምንዛሪውም ወደ አንድ ተመን ተጠጋ፤ የባንክ ወለድም ከዋጋው ንረት በላይ ሆነ። በ1988 በሰሜን ክፍላተ ሀገር ሕዝብ የተራበባት አገር፣ በ1989 ከአንድ ሚሊዮን ቶን በላይ ሩዝ ወደ ውጭ ላከች። መሬቱ ያው መሬት፣ ገበሬውም ያው ገበሬ ነው፤ የተለወጠው ደንቡ ብቻ ነው።

ይህን ስናነብ የራሳችንን ዘመን ሳናስታውስ አንቀርም። በኢትዮጵያ አቈጣጠር በ1968 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 76 የግል ነጋዴውን ካፒታል ለችርቻሮ 200 ሺህ፣ ለጅምላ 300 ሺህ፣ ለኢንዱስትሪ ደግሞ 500 ሺህ ብር ላይ ገድቦት ነበር። ጣሪያው የተጣለበት ነጋዴ ደግሞ ያተረፈውን በሥራ ላይ ከማዋል ይልቅ መሸሸግን ይማራል። የደርግ መንግሥት በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚን ባወጀ ጊዜ ገበሬውም ነጋዴውም በደስታ ተቀበለው፤ ነገር ግን ጦርነቱ አገሪቱን ይዟት ስለ ነበር ሥርዓቱ ከአንድ ዓመት ከጥቂት ወራት በላይ አልቈየም። ቬትናም በችግሯ መካከል ቀድማ ጀመረች፤ የእኛ ዘግይቶ መጣ። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ያባቶች ብሂል ለመንግሥት ሥራም ይስማማል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። ቬትናም በታኅሣሥ 1990 የኩባንያ ሕግንና የግል ድርጅት ሕግን አወጣች። ነጋዴው በስሙ መሥራት ቻለ፤ የ1992ቱም ሕገ መንግሥት ዜጋ ሁሉ በሕግ መሠረት የመነገድ ነፃነት እንዳለው ደነገገ። በ1993 የወጣው የመሬት ሕግ፣ መሬት የሕዝብ ሀብት መሆኑን ሳይለውጥ፣ ባለይዞታው ይዞታውን እንዲለውጥ፣ እንዲያስተላልፍ፣ እንዲያከራይ፣ እንዲያወርስና በመያዣነት እንዲያስይዝ ፈቀደለት። በወረቀት ላይ ሲታይ ሁሉም የተሟላ ይመስል ነበር። ነገር ግን ድርጅት ለማቋቋም የሚፈልግ ሰው የክፍለ ሀገሩን የሕዝብ ኮሚቴ ፈቃድ መለመን ነበረበት። በላዩም እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት የየራሱን ንኡስ ፈቃድ ጨመረበት። ሹሙ ወረቀቱን ቢያዘገይ የሚጠይቀው አልነበረም።

ከአንባብያን መካከል የንግድ ቤት ወረቀት የሚያዘጋጅ፣ ማመልከቻ የሚጽፍና ማኅተም የሚያስመታ ሰው ቢኖር የነገሩን ክብደት ይረዳዋል። እኔም በዚሁ ሥራ ላይ ስላለሁ እመሰክራለሁ። ለነጋዴ ከቀረጥም ከኪራይም ይልቅ የሚከብደው መጨረሻው የማይታወቅ ቀጠሮ ነው። ቀረጥ ቢበዛ በዋጋ ላይ ይታሰባል፤ ኪራይ ቢወደድ ሱቁ ይጠባል። «ነገ ተመለስ» የሚለው ቃል ግን በየትኛውም የሒሳብ መዝገብ ውስጥ ሊመዘገብ አይችልም። ዕቃው በወደብ ተቀምጦ ኪራይ ይቈጥራል፤ የባንኩ ወለድ ይቈጥራል፤ ደንበኛውም ወደ ሌላ ይሄዳል።

ይህን ነቀርሳ የነካው በሰኔ 1999 ጸድቆ ከጥር 1 ቀን 2000 ጀምሮ የጸናው የድርጅቶች ሕግ ነው። ይህ ሕግ ያደረገው ለውጥ በአንድ ዐረፍተ ነገር ሊነገር ይችላል፤ ቀድሞ ያልተፈቀደው ሁሉ ክልክል ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን ያልተከለከለው ሁሉ የተፈቀደ ሆነ። ድርጅት ማቋቋም ከልመና ወደ ምዝገባ ተለወጠ። መዝጋቢው መሥሪያ ቤት ወረቀቱን ከተቀበለ በ15 ቀን ውስጥ መልስ እንዲሰጥ ታዘዘ፤ የሚከለክልም ቢሆን ምክንያቱን በጽሑፍ መግለጥ ነበረበት። ቀጥሎም በየካቲት 2000 የጠቅላይ ሚኒስትሩ ትእዛዝ 84 ንኡሳን ፈቃዶችን ባንድ ጊዜ ሰረዘ። ውጤቱን ለማየት ብዙ መጠበቅ አላስፈለገም። በቀደመው ሕግ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ከተመዘገቡት ድርጅቶች ይልቅ በአዲሱ ሕግ በአራት ዓመት ውስጥ የተመዘገቡት በለጡ።

ምናልባት «ሕግስ በየአገሩ ይወጣል፤ የሚያስፈጽመው ሰው እንጂ ወረቀቱ ምን ያደርጋል?» የሚል ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ዘመኑም ለቬትናም ተስማምቷት እንደ ነበር አይካድም፤ የአሜሪካ መንግሥት የንግድ ማዕቀቡን በየካቲት 1994 አንሥቶላታል፤ በ1995 የደቡብ ምሥራቅ እስያ አገሮችን ማኅበር ተቀላቅላለች፤ በጥር 2007 ደግሞ የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ሆናለች። ነገር ግን በር የተከፈተለት ሁሉ አይገባም። የውጭው ገበያ ሲከፈት የሚጠቀመው፣ በአገር ውስጥ ያለ ሥጋት ድርጅቱን ያቋቋመና በስሙ ከባንክ ጋር የተዋዋለ ሰው ነው። አስፈጻሚውን በተመለከተ ግን ቬትናማውያን ያገኙት ዘዴ ለእኛ ለንግድ ምክር ቤት አባላት የተለየ ቁም ነገር አለው።

በ1963 የተቋቋመው የቬትናም የንግድና የኢንዱስትሪ ምክር ቤት ከ2005 ጀምሮ በየዓመቱ ነጋዴዎችን እየጠየቀ ክፍላተ ሀገርን በደረጃ ያወጣል። ለምዝገባ ስንት ቀን ፈጀባችሁ? መሬት ለማግኘት ምን ያህል ተቸገራችሁ? ከሕጋዊው ክፍያ ውጭ ተጠየቃችሁ ወይ? ተቈጣጣሪ በዓመት ስንት ጊዜ መጣባችሁ? የመሥሪያ ቤቱን ውሳኔ ሳትለምኑ ለማንበብ ትችላላችሁ ወይ? እያለ በሺህ የሚቈጠሩ ድርጅቶችን ይጠይቃል፤ መልሱንም ደምሮ በአደባባይ ያወጣል። ዳ ናንግ የተባለችው ከተማ ደጋግማ አንደኛ ወጣች፤ ኳንግ ኒን የተባለው ክፍለ ሀገር ደግሞ ከ2017 እስከ 2023 ድረስ ሰባት ዓመት በተከታታይ አንደኛ ሆነ። ሌላ ፓርቲ በሌለባት፣ ሹም በሕዝብ ፉክክር በማይመረጥባት አገር፣ ሹማምንት በነጋዴ ምስክርነት መመዘን ጀመሩ። ዝቅ ብሎ የተገኘው ክፍለ ሀገር ያፍራል፤ ከጎረቤቱም ይማራል። ምክር ቤቱ ይህን ያደረገው ማንንም ሳይሰድብና ሳይከስ፣ በቍጥር ብቻ ነው።

ይሁን እንጂ የቬትናምን ነገር እንደ ተረት አሳምሮ መናገር ለአንባቢ አይጠቅምም። ጉድለቷም ከእኛ ጋር የሚመሳሰል ብዙ ነው። አንደኛ፣ የመንግሥት ድርጅቶች ብድርንና መሬትን ቀድመው ሲያገኙ ኖረዋል። ቪናሺን የተባለው የመንግሥት የመርከብ ሥራ ድርጅት ከ4 ቢሊዮን ዶላር በላይ ዕዳ ተሸክሞ በ2010 ለመውደቅ ተቃርቦ ነበር፤ ያ ገንዘብ ለስንት ሺህ ነጋዴ የሥራ ማስኬጃ ይሆን እንደ ነበር አንባቢ ራሱ ያስላው። ሁለተኛ፣ ወደ ውጭ ከሚላከው ዕቃ ውስጥ ከአሥር እጅ ሰባቱ ያህል የሚወጣው ከውጭ ባለሀብቶች ፋብሪካ ነው። የአገሬው ነጋዴ ብዙውን ጊዜ የመጋዘኑና የማጓጓዣው ተቀጣሪ ሆኖ ቀርቷል። ሦስተኛ፣ ከ940 ሺህ በላይ የተመዘገቡ ድርጅቶች ሲኖሩ፣ በቤተሰብ ደረጃ የሚሠሩት አነስተኛ ነጋዴዎች ግን ከ5 ሚሊዮን በላይ ናቸው። ከእነዚህ ብዙዎቹ ማደግ አቅቷቸው አይደለም፤ ቢያድጉ ተቈጣጣሪው ይበዛብናል፣ መዝገቡም ይከብደናል ብለው ነው።

የቬትናም መሪዎችም ይህን አይተዋል። የፓርቲው የፖለቲካ ቢሮ በግንቦት 2025 ባወጣው 68ኛው ውሳኔ የግሉን ክፍል የአገሪቱ ኢኮኖሚ ዋነኛ አንቀሳቃሽ ኃይል ብሎ ሰየመው፤ በ2030 የድርጅቶቹን ቍጥር 2 ሚሊዮን ለማድረስም ዐለመ። ስያሜው ለነጋዴ እንጀራ አይሆንም። እንጀራ የሚሆነው ከስያሜው ጋር የመጣው ደንብ ነው፤ ግልጽ የሆነ የጥፋት ምልክት ካልታየ በቀር አንድ ድርጅት በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ እንዳይመረመር ተወስኗል። በአንጻሩም ከጥር 2026 ጀምሮ የትንንሽ ነጋዴዎች ቍርጥ ግብር ቀርቶ፣ ገቢን እየመዘገቡ ማሳወቅ ተተክቷል። ስለዚህም ብዙ ባለሱቆች ተጨንቀዋል፤ መብት ከግዴታ ጋር እንደሚመጣ ግን ማንም ሊክድ አይችልም።

የዚህች አገር ነገር ለእኛ የሩቅ ወሬ አለመሆኑን በቡና ማየት ይቻላል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ቬትናም በቡና ገበያ ስሟ የማይጠራ ነበረች። የዳክ ላክ ደጋማ ምድር ገበሬዎች ይዞታቸው ከጸና በኋላ በተከሉት የሮቡስታ ቡና፣ ሃያ ዓመት ሳይሞላ ከብራዚል ቀጥላ የዓለም ሁለተኛ ቡና ላኪ ለመሆን በቃች፤ ዛሬም በዚያው ደረጃ ላይ ትገኛለች። በ2001 ገደማ የዓለም የቡና ዋጋ እጅግ በወደቀ ጊዜ ከምክንያቶቹ አንዱ ይኸው የቬትናም ቡና መብዛት ነበር፤ የከፋውና የሲዳማው ገበሬም ከነላኪዎቹ ተጎድቷል። በሌላ አገር የወጣ ደንብ የእኛን ጆንያ ዋጋ እንደሚያወርደው ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም። የእኛ አረቢካ በጣዕሙ ይበልጣል፤ ነገር ግን ጣዕም በመዘግየት የሚጠፋውን ደንበኛ አይመልስም።

ጉዳዩን ዛሬ አስቸኳይ የሚያደርገውም አለ። ለኢትዮጵያውያን ተከልሎ የኖረው የአስመጪነት፣ የላኪነት፣ የጅምላና የችርቻሮ ንግድ በ2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቈጣጠር፣ በተወሰኑ ግዴታዎች፣ ለውጭ ባለሀብት ተከፍቷል። በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ ወር ደግሞ የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ተደርጓል። የውጭው ባለሀብት ሲመጣ ጠበቃውንና የሒሳብ ዐዋቂውን ይዞ ነው፤ ቀጠሮ ቢበዛበት አቤቱታውን ወደ ላይ ያደርሳል። በመርካቶ ያለው ባለሱቅ ግን ያው ሹም፣ ያው ወረፋ፣ ያው «ነገ ተመለስ» ይጠብቀዋል። በሩ ለሁሉ እኩል ተከፍቶ ሳለ መንገዱ ለአንዱ ብቻ ከተጠረገ፣ የቬትናም ላኪዎች የደረሰባቸው በእኛም ላይ መድረሱ አይቀርም። ውድድሩን መፍራት አይገባም፤ እኩል ደንብ መጠየቅ ግን ይገባል።

ስለዚህ ምክር ቤታችን በመጪው ጠቅላላ ጉባኤው ሦስት ነገሮችን እንዲመክርባቸው በትሕትና አሳስባለሁ። የመጀመሪያው፣ ማንኛውም መሥሪያ ቤት ከነጋዴ የሚጠይቀውን ፈቃድ፣ ማስረጃና ክፍያ ሁሉ በአንድ መዝገብ አስፍሮ እንዲያወጣ፣ በመዝገቡ ያልሰፈረውን መጠየቅም እንዲቀር፣ መልስ የሚሰጥበትም ቀን ተወስኖ እንዲጻፍ መጠየቅ ነው። ሁለተኛው፣ የተለያዩ መሥሪያ ቤቶች ተቈጣጣሪዎች በየተራ ሱቅ ከማጣበብ ተባብረው በዓመት አንድ ጊዜ፣ የተጻፈ ትእዛዝ ይዘው እንዲመጡ ማድረግ ነው። ሦስተኛው የማንንም ፈቃድ አይጠብቅም፤ ምክር ቤቱ ራሱ አባላቱን በየዓመቱ እየጠየቀ፣ የጠያቂውን ስም ሰውሮ፣ በየክፍለ ከተማውና በየክልሉ አገልግሎቱ ስንት ቀን እንደሚፈጅ በዚሁ ጋዜጣ ላይ በቍጥር ያውጣ።

በእኛም በነጋዴዎቹ በኩል ያለውን ግዴታ መርሳት አይገባም። ደረሰኝ የማይቈርጥ፣ በሰው ስም የሚነግድ፣ ሁለት መዝገብ የሚይዝ ነጋዴ በሕግ አምላክ ብሎ ሊሟገት አይችልም፤ የሹሙ ችሮታ እስረኛ ሆኖ ይኖራል እንጂ። ሹሙም ይህን ስለሚያውቅ ነው ደፍሮ የሚጠይቀው። መዝገቡ የጠራለት ሰው ግን ቢዘገይበት ለምን ብሎ ሊጠይቅ፣ ቢበደልም ፍርድ ቤት ሊቆም ይችላል።

የቬትናም ነጋዴዎች ከ1986 እስከ 2000 ባሉት አሥራ አራት ዓመታት ውስጥ ከተደባቂነት ወደ ተመዝጋቢነት ተሸጋግረዋል። ሥርዓተ መንግሥታቸው አልተለወጠም፤ የተለወጠው በነጋዴና በሹም መካከል ያለው ደንብ ነው። እኛም የምንጠይቀው ልዩ እንክብካቤ አይደለም። የምንጠይቀው፣ ዛሬ የተፈቀደው ነገ ያለ ምክንያት እንዳይከለከል፣ ለአንዱ የሠራውም ለሌላው እንዲሠራ ነው። ይህን ለማስገኘት ደግሞ ከተበታተነ አቤቱታ ይልቅ፣ በአንድ ምክር ቤት ስም የቀረበ፣ በቍጥር የተደገፈ አንድ ቃል ይበልጣል።

ከአንድ የንግድ ቤት ጸሐፊ